ስሙ ታወቀ፤ መድኃኒቱስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሰምተን አድገናል። ከተረቱ ጀርባ ሳይነገር የሚታለፍ ተስፋ አለ፤ ካልደበቅከው መድኃኒቱ ይገኛል የሚል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ወባ ነው ተብሎ ደም ይታያል፣ ኪኒን ይሰጣል፣ ልጁ በሳምንቱ ኳስ ያባርራል። እኔ ማውራት የፈለግኩት ግን ተረቱ ስለሚከዳበት ቦታ ነው። ምንም ሳይደበቅ፣ ደም ተቀድቶ፣ በሬ ተሸጦ፣ ከከተማ ከተማ ተዙሮ፣ መጨረሻ ላይ ስም ብቻ የሚገኝበት በሽታ አለ። እሱም ከተገኘ ነው። መድኃኒት የሌለውን በሽታ ስሙን ማወቅ ምን ይረባል? ለስም ብሎ ድሃ ቤተሰብ ማንከራተትስ ልክ ነው?

ጥያቄውን ያመጣሁት ከፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። ፋርጣ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ፣ በዘመድ በኩል የማውቃት እናት አለች። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ናት፤ ጤነኛ፣ አሁን ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ያለች። ከእሷ በኋላ የተወለዱት ሁለት ወንዶች ግን አንድ ዓይነት መንገድ ሄዱ። ደህና ተወለዱ፣ ጠቡ፣ ሳቁ፣ ተቀመጡ። ዓመት ሳይሞላቸው ተራ የሚመስል ትኩሳት ያዛቸው፤ ትኩሳቱ ሲለቃቸው የተማሩትን ሁሉ ይዞ ሄደ። አንገት መቆም አቃተው፣ ዓይን መዋለል ጀመረ፣ ትንፋሽ ተቆራረጠ። ትልቁ ሞተ። ታናሹን ሲጀምረው ከጤና ጣቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም «የሚቶኮንድሪያ ችግር ሳይሆን አይቀርም» ብላ በቀላል አማርኛ ልታስረዳት ሞከረች። እናትየው ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ ስሙን ካወቃችሁት መድኃኒቱስ፣ ልጄ?» አለቻት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ግን ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ሚቶኮንድሪያ በየሴሎቻችን ውስጥ ያለ ትንሽ ጄኔሬተር ነው እንበል። ከምግብና ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ሴሉ የሚሠራበትን ኃይል ያመነጫል። ኃይል የሚበዛባቸው አካላት፣ አንጎል፣ ልብ፣ ጡንቻ፣ ጉበት፣ ብዙ ጄኔሬተር አላቸው፤ ጄኔሬተሩ ሲደክም ቀድመው የሚጨልሙትም እነሱ ናቸው። ለእኔ ቢጤው ፕሮግራመር የሚገርመው ይህ ጄኔሬተር የራሱ ኮድ ያለው መሆኑ ነው። 16,569 ፊደል፣ 37 ጂን። ካምብሪጅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ከጫፍ ጫፍ ተነበበ። የሚያስፈልገው የቀረው ከሺህ በላይ ፕሮቲን ግን የሚጻፈው ከዋናው የሴሉ ዲኤንኤ ላይ ነው። ሁለት ኮድ፣ አንድ ሲስተም። ባጉ ከሁለቱ በየትኛውም ቢሆን ሲስተሙ ይወድቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። ትንሹ ኮድ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ ትልቁ ከሁለቱም ወላጆች። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ።

የእነዚህን ሁለት ወንድማማቾች ዓይነት ሕመም ዴኒስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 በአንድ የ7 ወር ሕፃን ላይ መዝግቦታል፤ ዛሬ ሊ ሲንድሮም ይባላል። ሚቶኮንድሪያ ነክ በሽታዎች ሁሉ ተደምረው በዓለም ላይ በግምት ከ5,000 ሰው አንዱን ይነካሉ ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ግምቱ እዚህም ይሠራል ካልን ከ400 የማያንስ ሰው ማለት ነው፤ ከፋርጣ እስከ ስማዳ፣ ከእብናት እስከ እስቴ ተበታትኖ፣ አንዱ ስለሌላው ሳይሰማ።

እንግዲህ ሐኪሟ «ሳይሆን አይቀርም» ያለችው በምን ተነስታ ነው? በልጁ ታሪክና በአንድ ቁጥር። ቁጥሩ ላክቴት ይባላል።

ጄኔሬተሩ በደንብ ሲሠራ ሰውነት ስኳርን እስከ መጨረሻው ያቃጥላል። ሲደክም ግን መንገዱ መሃል ላይ ይዘጋና ፒሩቬት የሚባለው ነገር ይጠራቀማል፤ ወደ ላክቴትም ይቀየራል። ሯጭ ዳገት ሲወጣ ጡንቻው ውስጥ የሚሆነው፣ የታመመው ልጅ ላይ ተኝቶ ይሆናል። በተለምዶ በደም ውስጥ ከ2 ሚሊሞል በሊትር በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ ሐኪም ይጠራጠራል። እስከዚህ ቆንጆ ነው። ችግሩ ላክቴት የሚዋሽ ቁጥር መሆኑ ነው። ልጁ መርፌ አይቶ ከጮኸና ከተወራጨ ይጨምራል። ክንዱ በላስቲክ ጠብቆ ከታሰረ ይጨምራል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ እንኳ ቱቦው ውስጥ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች ሥራቸውን ስለማያቆሙ፣ በክፍሉ ሙቀት እየቆየ በሄደ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ግራጫ ክዳን ባለው፣ ፍሎራይድ በያዘ ቱቦ ተቀድቶ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። (ደብረ ታቦር ክረምት ላይ በረዶ አታጣም። ጉና ነጭ ለብሶ ሲታይ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሳቅ ይቀድመዋል።)

ከዚህ ሁሉ ተርፎ ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ የሚናገረው ጥቂት ነው። ደም መመረዝ፣ ከባድ ወባ፣ ከባድ ደም ማነስ፣ የልብ ድካም፣ ከደቂቃዎች በፊት ያለፈ የሚጥል በሽታ፣ ሁሉም ላክቴትን ያስወጣሉ። በእኛ ሙያ ሰርቨር ሲወድቅ «ኤረር 500» የሚል መልእክት ይመጣል። አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አይልም። ላክቴት ኤረር 500 ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሚቶኮንድሪያው በእርግጥ ታሞ ላክቴቱ ደህና የሆነ ልጅ አለ፤ ሎጉ ንጹሕ፣ ሲስተሙ የወደቀ።

ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ምስክር ይጠራሉ። የላክቴትን ከፒሩቬት ጋር ያለውን ንጽጽር ያያሉ፤ ከ20 በላይ ሲወጣ ጥርጣሬው ወደ ጄኔሬተሩ ያጋድላል፤ ግን ፒሩቬት እንዲያውም ከላክቴት የባሰ ተበላሺ ነው። አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይለካሉ፤ እሱ ረጋ ያለ ነው፣ ለቅሶና ላስቲክ አያናውጠውም፤ ላክቴቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ አላኒንም ከፍ ይላል። የአንጎልና የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ላክቴት አለ፣ የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሄልሲንኪ የአኑ ሱኦማላይነን ቡድን ኤፍጂኤፍ-21 የተባለ ሆርሞን የታመመ ጡንቻን በደም ውስጥ እንደሚያሳብቅ አሳየ፤ ከዓመታት በኋላ ጃፓኖች ጂዲኤፍ-15ን ጨመሩ። ጡንቻ ሳይቆረጥ በደም ብቻ! ዜናው ትልቅ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው ከላብራቶሪው ውስጥ ነው። ኤፍጂኤፍ-21 ከመጀመሪያው የረሃብ ሆርሞን ነው። ሰው ሲራብ፣ በተለይ ፕሮቲን ሲያጣ፣ ጉበት ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ስለዚህ ሄልሲንኪ ላይ «ጄኔሬተሩ ታሟል» የሚል ቁጥር፣ ጉና ሥር «ልጁ ተርቧል» ማለት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ያው ነው። ቁጥሩ ያው ነው። ትርጉሙ ግን የማን ልጆች ተለክተው «መደበኛ» እንደተባሉ ይወሰናል። ፕሮግራመር ይህን ያውቀዋል፦ በአንድ ዳታ ላይ የተሞከረ ሞዴል ሌላ ዳታ ላይ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። እኛ ግን ስንሳሳት አንድ ማስታወቂያ ለማይመለከተው ሰው ይታያል፤ እዚያ ግን የተራበ ልጅ «መድኃኒት የለውም» የሚል ስም ይለጠፍበታል።

ስም ደግሞ እጅ ያስጥላል። «የዘር ነው፣ አይድንም» የተባለለት ልጅ አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው ይቀንሳል። ነርሱም ይቀንሳል፣ አባትም ይቀንሳል። ስለዚህ ከስም የለሽነት የሚብስ ነገር አለ፤ የተሳሳተ ስም። ለማወቅ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ጥሩ ነው የሚሉትን በዚህ አልስማማም። በመንገድ ላይ ሞቆ የመጣ አንድ ቱቦ ደም ይዞ ለእናት የማይመለስ ቃል መናገር፣ ዝም ከማለት የከፋ ነው።

ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ሳወራው ከእኔ አልፎ ሄደ። «ተወው ጭራሽ» አለኝ። «አንተ ስለ አንድ ልጅ ሆርሞን ታስባለህ፤ እኔ ክትባት ያመለጣቸውን ቤት ለቤት እፈልጋለሁ። ያንን ብር ለእኔ ስጠኝ።» ይህን መከራከሪያ ቀላል አድርጌ አላየውም። ጓደኛዬ ልቡ ደንድኖ አይደለም፤ የሚቆጥራቸው ሕፃናት ሁሉ ፊት አላቸው። አንድን ቤተሰብ በሬ አስሽጦ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ መላክ፣ ስም ይዞ እንዲመለስ፣ በሒሳብ ብቻ ከታየ ኪሳራ ነው።

ግን ሒሳቡ ውስጥ ያልገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ «መድኃኒት የለውም» የሚለው አረፍተ ነገር ራሱ ሙሉ እውነት አለመሆኑ ነው። ቫይታሚን ቢ1 ያነሰው ሕፃን ላክቴቱ ይወጣል፣ አንጎሉ ልክ እንደ ሊ ሲንድሮም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 እስራኤል ውስጥ ቢ1 የጎደለው የዱቄት ወተት የጠጡ ሕፃናት ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ፤ የጎደላቸው ርካሽ ቫይታሚን ነበር። በዘር የሚወረስም አለ፤ ባዮቲንና ቢ1 በብዛት ሲሰጠው የሚመለስ። ለዚህ ነው ሐኪሞች እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ውጤት ሳይጠብቁ ቫይታሚኑን የሚጀምሩት። ከመቶ አንዱም ይሁን፣ ያ አንዱ ልጅ ስለ ኪሳራ ሲወራ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው፣ ስም መድኃኒት ባያመጣም መርዝ ያርቃል። ቫልፕሮይክ አሲድ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ፖልጂ በሚባለው ጂን ላይ ችግር ያለበት ልጅ ግን ጉበቱ ተቃጥሎ ሊሞትበት ይችላል። (ማንም ይህን አንብቦ የልጁን መድኃኒት እንዳያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።) ወደ ቤታችን የሚቀርበው ግን ጾም ነው። ጄኔሬተሩ የደከመ ልጅ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆዱን መቆየት የለበትም፤ በትኩሳት ጊዜ ደግሞ የበለጠ። እኛ ጋ የታመመ ልጅ ጸበል የሚወሰደው በጠዋት፣ ባዶ ሆዱን ነው። ይህን የምለው ጸበልን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅ ሐኪምና ስሙን የሰማ የንስሐ አባት ቢነጋገሩ፣ ልጁ ቀምሶ እንዲጠመቅ መፍቀድ ከባድ ነገር አይሆንም ነው የምለው። ስም ካልኖረ ግን የሚነጋገሩበት ነገር የለም።

ሦስተኛው በጣም የሚከብደኝ ነው፤ ስለ እናት።

ያቺ የፋርጣ እናት ትልቁ ልጇ ሲሞት ቡዳ ነው ተባለ። ሁለተኛው ሲታመም ወሬው ወደ እሷ ዞረ። ማህፀኗ፣ ዛሯ፣ የእናቷ ወገን። የባሏ ዘመዶች «ሌላ አግባ» ማለት ጀመሩ። እዚህ ላይ ነው ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት የሚመጣው። ባጉ በትንሹ ኮድ ላይ ከሆነ በእርግጥም የመጣው ከእናት ነው። ሳይንሱ ለአማቶቿ ጥይት አቀበለ ማለት ነው? በትልቁ ኮድ ላይ ከሆነ ግን፣ በልጅነት የሚጀምረው አብዛኛው እንዲያ ነው፣ ከአባትም ከእናትም እኩል ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ተሸክመው ይገናኛሉ፤ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል። ሰባት ቤት የምንቆጥረው ይህን አውቀን ባይሆንም፣ ቆጠራው ዕድሉን ይቀንሳል። አያጠፋውም። ያኔ «ሌላ አግባ» የተባለው ባል ራሱ ግማሹን እንደተሸከመ ሲሰማ ምን ይላል? ይህን ሊነግረው የሚችለው ስም ብቻ ነው፤ «ሳይሆን አይቀርም» አይበቃም፤ ላክቴትም አይበቃም፤ ጂኑ መነበብ አለበት።

በእናት በኩል ቢሆንስ? ምክንያትና ጥፋት በአማርኛችን ሁለት ቃል ናቸው፤ ችግሩ ሰፈር ውስጥ አንድ ላይ መጠራታቸው ነው። በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያዩ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ የጠየቁት ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ነበር፤ የእሱ ወይስ የወላጆቹ። የተሰጣቸው መልስ ሁለቱንም ነጻ ያወጣ ነው። ይህን ወንጌል የሚሰማ ሕዝብ ያንኑ ጥያቄ በየጓዳው ይደግመዋል። የእናትየው ሚቶኮንድሪያ ከእናቷ ነው፣ የእሷም ከእናቷ። የተበላሸውና ደህናው ተደባልቀው ነው የሚወርዱት፤ ከእንክርዳድ ጋር ከተቀላቀለ ጎተራ በእፍኝ እንደ ማውጣት። አንዱ እፍኝ ንጹሕ፣ አንዱ እንክርዳድ የበዛበት። ለዚህ ነው ሴቷ ልጅ ጤነኛ ሆና ወንድሟ የሚሞተው። እፍኙን የመረጠ ሰው የለም።

የኢትዮጵያውያን ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ያልተነበበ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የታወቀ ጥናት የ270 ኢትዮጵያውያንን የእናት መስመር፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው ያለበትን፣ ከየመኖች ጋር አነጻጽሮ የጥንት ሰው በባብ ኤል መንደብ በኩል እንዴት ወዲያና ወዲህ እንዳለ አሳየ። አንብቤ ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያው ሞለኪውል ነው። የአያት ቅድመ አያቶቻችን ጉዞ የተነበበበት ጽሑፍ ላይ ነው የልጆቹም ሕመም ሊነበብ የሚችለው። ለታሪክ ሲሆን ከዓለም ዳር ሰው ይመጣል፤ ለአንድ ፋርጣ ላለ ሕፃን ሲሆን ቱቦው በረዶ ያጣል።

ለጓደኛዬ የነገርኩት ግን የደቡብ አፍሪካውን ነው። እዚያ ጉበታቸውና ነርቫቸው የሚጎዳ ጨቅላ ሕፃናት ለዓመታት ያለ ስም ሲሞቱ ነበር። በአውሮፓ የታወቁት የተለመዱ ስህተቶች ሲፈለጉባቸው አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት በ24 ሕፃናት ላይ ያንኑ አንድ ስህተት፣ ኤምፒቪ17 በሚባል ጂን ላይ፣ አገኘ። ሃያ አራቱም አንድ ዓይነት። አንዴ ከታወቀ በኋላ ጉዳዩ ተራ የላብራቶሪ ሥራ ሆነ፤ ሃያ አምስተኛው ልጅ ሲመጣ ከየት እንደሚጀመር ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ከስማቸው ምንም አላተረፉም፤ ያ ስም የተገኘው ግን የእነሱ ደም ስለተቀመጠ ነው። ጓደኛዬ ክትባት የሚሰጠውም ለዚሁ አይደል? አንዱ ልጅ ተወግቶ ሌላው ይተርፋል።

እዚህ ላይ ዝም አለና፣ «እሺ፣ ከዚህ ምን ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል። የደረቀ የደም ጠብታ በወፍራም ወረቀት ላይ በረዶ አይፈልግም። ላክቴቱን አይነግርህም፤ ዲኤንኤው ግን ለዓመታት ይቀመጣል። ዛሬ ስሙን ሳናውቅ የሚሞት ልጅ ነገ ሊታወቅለት ይችላል፤ ለእህቱ ለማግባት ሲደርስ፣ ለእናቱ ሌላ ልጅ ስታስብ።

ቅጹን አብረን መጻፍ ጀመርን፤ ቅጽ መሥራት መቼም የእኔ እንጀራ ነው። የመጀመሪያው ችግር ቃል ነበር። «የዘረመል ምርመራ» ስትላት እናት የምትሰማው «ዘር» የሚለውን ነው፤ ዘሯ ሊመረመር፣ ወገኗ ሊጣራ። ሽማግሌ ተልኮ የሴት ልጅ ዘር በሚጣራበት አገር ይህ ቃል በባዶ አይወድቅም። አጠፋነው። የጻፍነው ይህን ነው፦ «ይህ የደም ጠብታ የልጅዎን ሕመም ምክንያት ለማወቅ ይቀመጣል። ዛሬ ላናውቀው እንችላለን። መድኃኒትም ላይኖረው ይችላል። ባወቅን ጊዜ ለእርስዎ እንነግራለን፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ለሌላ ለማንም አንነግርም።»

ጓደኛዬ የመጨረሻውን መስመር ሁለቴ አነበበው። «ለባሏስ?» አለኝ። ልጁ የእሱም እንደሆነ፣ ግማሹን የተሸከመው እሱ ሊሆን እንደሚችል፣ ደብቆ ማስቀመጥ ሌላ በደል እንደሆነ ተናገረ። እኔ ደግሞ «ሌላ አግባ» የተባለችው እሷ ናት፣ ካልፈቀደች ለባሏም አይነገርም አልኩት። አልተስማማንም። መስመሩ እስካሁን ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ፋይሉ ውስጥ አለ።